ሕመሙ ስንት ነው?

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ወይም ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች መጥቶ በደሴ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው፣ በማግስቱ ጧት ነርሷ «እንዴት አደሩ?» ብትለው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ይህ የወሎ ሰው ጨዋነት ነው፤ ስለ ቍስሉ ግን ምንም አያስረዳም።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1846 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ የኤተር ማደንዘዣ በይፋ ከታየ ወዲህ፣ ሰው ሕመም ሳይሰማው ኦፕራሲዮን ለመደረግ ችሏል። ማደንዘዣው ሲለቅ ግን ሕመሙ ይመጣል። ብዙዎቻችን ይህን ችሎ ማሳለፍ ጀግንነት ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሆዱ የተከፈተ ሰው ሕመሙን ፈርቶ በኀይል ካልተነፈሰና ካልሳለ፣ አክታው በደረቱ ተከማችቶ የሳንባ ምች ሊያመጣበት ይችላል። ተነሥቶ ካልተራመደም በእግሩ ሥር ደም ሊረጋ ይችላል።

ታዲያ ነርሷ የሌላውን ሰው ሕመም በምን ታውቀዋለች? አሜሪካዊቷ ነርስ ማርጎ ማካፈሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ያስተማረችው አጭር ነው፤ ይኸውም የሕመሙ ዋና ምስክር ራሱ በሽተኛው ነው የሚል ነው። ስለዚህ ነርሷ «ሕመም የለም ማለት ዜሮ፣ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ዐሥር ቢሆን፣ የእርስዎ ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ቍጥር ለሚያስቸግረው «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብርቱ» የሚሉት ቃላት ይበቃሉ፤ ለሕፃናት የፊት ሥዕል ይቀርባል። በሽተኛው ተኝቶ ሳለ ብቻ ሳይሆን ሲያስልና ሲነሣም ይጠየቃል። መልሱም ከትኩሳቱና ከደም ግፊቱ ጋር በካርዱ ላይ ይጻፋል።

መድኃኒት ሰጥቶ መሄድም አይበቃም። በደም ሥር የተሰጠ ከሆነ እስከ ግማሽ ሰዓት፣ የሚዋጥ ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል ቈይቶ እንደገና መጠየቅ ይገባል። ሕመሙ ካልቀነሰ ሐኪሙ ይጠራል። ሞርፊን የሚያስፈራቸው አሉ። በሐኪም ትእዛዝ ተመጥኖ ለጥቂት ቀን ሲሰጥ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ይልቅስ ነርሷ በሽተኛው እጅግ እንዳያንቀላፋ፣ ትንፋሹም እንዳይዘገይ መጠበቅ አለባት።

የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፎ ብዙ ዕቃ አጥቷል። መድኃኒትና መሣሪያ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ሕመምን ለመጠየቅና ለመመዝገብ ግን ብዕርና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ብዙ አልጋ ለምትጠብቅ ነርስ ያች ደቂቃም ውድ ናት፤ ስለዚህ ጥያቄው በትርፍ ጊዜ የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን በሰዓቱ የሚፈጸም መደበኛ ሥራ መሆን ይገባዋል። በደሴ ነርስነትን የሚማሩ ወጣቶችም ይህን ከመርፌ አወጋግ እኩል ሊለማመዱት ይገባል።

ለእኛም ለአስታማሚዎች ድርሻ አለን። ወንድማችን ጥርሱን ነክሶ ሲያድር «በርታ፣ ቻለው» ከማለት ነርሷን መጥራት ይሻላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ!