ገንዘብ በእጅ አንጓ ላይ

ሰው ገንዘብን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ነገር ሲመኝ ኖሯል። አንደኛው ገንዘቡን ሳይከብደው ወደ ፈለገው ስፍራ ይዞት እንዲሄድ ነው፤ ሁለተኛው ሌባ እንዳይወስድበት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ምኞቶች ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ለባለቤቱ የቀለለ ነገር ለሌባም ይቀልላልና። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ፣ በእጅ ሰዓት ገንዘብ ስለሚከፈልበት አዲስ ዘዴና እኛ በሸዋ ሮቢት ስለምንጠቀምበት የስልክ ክፍያ በአጭሩ ለማስረዳት አስቤአለሁ። ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት በራሴ ስሕተት የእናቴ ገንዘብ ስለ ጠፋ ነው። ታሪኩንም በስፍራው እናገራለሁ።

በይፋት ምድር የገንዘብ ነገር ረዥም ታሪክ አለው። የቀድሞ ሰዎች በአልዩ አምባ ገበያ በአሞሌ ጨውና በማሪያ ቴሬዛ ብር ይገበያዩ ነበር። አሞሌ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ ሲወድቅም ይሰበራል። ማሪያ ቴሬዛ ዝናብ አይፈራም፤ ነገር ግን አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሺው ብር 28 ኪሎ ይሆናል። ተቀባዩም ሐሰተኛ እንዳይሰጠው በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ነጠብጣብ እያየ ይመረምር ነበር። ስለዚህ ገንዘብን መጠራጠር ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ የወረቀት ብር መጣና ሸክሙ ቀለለ። በ2013 ዓ.ም. በመስከረም ወር አዲሶቹ የብር ኖቶች ወጡ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። በኬንያ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ኤም ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ። እንዲህ ሆኖ ገንዘብ ከመቀነት ወጥቶ ወደ ስልክ ተዛወረ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። በእጁ ላይ ያሰረው ስማርት ሰዓት ጊዜን ከመቁጠር በላይ ብዙ ሥራ ይሠራል። አንድ ቀን ለስላሳ መጠጥ ልንገዛ ወደ ሱቅ ስንገባ፣ ሊያስቀን ብሎ ክንዱን ወደ ባለ ሱቁ ዘረጋና «በዚህ ልክፈልዎ?» አለው። ባለ ሱቁም «ሰዓቱን ሊሸጡልኝ ነው ወይስ ሊከፍሉኝ?» ብሎ ሳቀ። ሱቁ ውስጥ የሰዓቱን ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ስላልነበረ ሒሳቡን እኔ በስልኬ ከፈልሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እስኪገባኝ ድረስ በጥያቄ አደከምሁት፤ ከዚያም በኋላ በራሴ አነበብሁ።

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የክፍያ ዘዴውን በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 2007 ዓ.ም.፣ ሰዓቱን ደግሞ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ለገበያ አቀረበ። ሳምሰንግና ጋርሚንም እንዲህ ያለ ሰዓት ይሠራሉ። የሰዓቱ ገንዘብ በአራት ቁልፎች ይጠበቃል።

አንደኛው ቁልፍ ቅርበት ነው። ሰዓቱና የሱቁ መሣሪያ የሚነጋገሩበት የሬዲዮ ሞገድ ከአራት ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በመንገድ ማዶ የቆመ ሰው በቀላሉ ሊጠልፈው አይችልም።

ሁለተኛው ቁልፍ ምትክ ቁጥር ነው። እውነተኛው የባንክ ካርድ ቁጥር በሰዓቱ ውስጥ አይቀመጥም፤ ለነጋዴውም አይሰጥም። ለዚያ ሰዓት ብቻ የተሠራ ሌላ ቁጥር በምትኩ ይገባል። ከዚህም ጋር በእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል አዲስ ምልክት ይላካል። ትናንት የተቆረጠ የደሴ አውቶቡስ ቲኬት ዛሬ እንደማያሳፍር ሁሉ፣ ሌባ ያንን ምልክት ቢቀዳው ሁለተኛ ሊከፍልበት አይችልም።

ሦስተኛው ቁልፍ የባለቤቱ ገላ ነው። ሰውየው ሰዓቱን ሲያስር የምስጢር ቁጥሩን ያስገባል። ከሰዓቱ በታች ያለው መሣሪያ ቆዳውን እስከ ነካ ድረስ ሰዓቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ከእጁ በወለቀ ጊዜ ግን ወዲያውኑ ይቈለፋል። የሰረቀ ሰው ያለ ምስጢር ቁጥሩ ሊከፍልበት አይችልም።

አራተኛው ቁልፍ መሻር ነው። ሰዓቱ ቢጠፋ ባለቤቱ ባለበት ሆኖ ምትክ ቁጥሩን ያስቀራል። እውነተኛው ካርድ ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ስለ ምቾቱም ብንናገር፣ በእጁ ዕቃ የያዘ ሰው ኪሱን ሳይፈትሽ ይከፍላል። ስልኩን ቤት ቢረሳው እንኳ መክፈል ይችላል። ይሁን እንጂ ጉድለት አለው። ባትሪው ሲያልቅ ገንዘቡ ይታሰራል፤ የሱቁ መሣሪያና የባንኩ ስምምነት ከሌለ ሰዓቱ ጊዜ ከመንገር አያልፍም። ምስጢር ቁጥሩን ለሌላ ለሰጠ ሰው ደግሞ ሦስተኛው ቁልፍ ከንቱ ነው።

የእኛ የስልክ ክፍያስ እንዴት ነው? በከተማችን ሱቆች ላይ ተለጥፎ የምናየው የነጋዴው ቁጥር ወይም ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ካሬ ነው። ካሜራ ያለው ስልክ ካሬውን ያነባል፤ ካሜራ የሌለው ባለ ቁልፍ ስልክ ደግሞ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ቴሌብርን ይከፍታል። ይህ ለገጠሩ ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው፤ ውድ ስልክም ኢንተርኔትም አይጠይቅምና። እርግጥ ነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጡ ቀርቶ በስልክ እንዲከፈል በታዘዘ ጊዜም፣ በደሴ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ሁሉ ይህን ዘዴ መማር ግድ ሆነባቸው።

የእኛ ስልክ ቁልፎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሲም ካርዱ ነው፤ ሁለተኛው ምስጢር ቁጥሩ ነው። ስልክ ገላን አያውቅም፤ ከባለቤቱ ኪስ ሲወጣም አይሰማውም። ስለዚህ ምስጢር ቁጥሩ የብዙ ቁልፎችን ሥራ ብቻውን ይሠራል።

ይህንንም የተማርሁት በመከራ ነው። እናቴ ሽንኩርትና ማሾ ዘርታ ለነጋዴ ትሸጣለች። ድሮ ገንዘቡን በመቀነቷ ቋጥራ፣ በመንገድ ሁሉ እየዳበሰች ትመጣ ነበር። የስልክ ክፍያ ሲመጣ ፊደል ስላልተማረች እኔ አስመዘገብኋት፤ ምስጢር ቁጥሩንም እኔ መረጥሁ። እርስዋ ስትሸጥ እኔ እቀበላለሁ፤ እርስዋ ስትገዛ እኔ እከፍላለሁ። በዚህም እኮራ ነበር።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በኅዳር ወር፣ እናቴ ስልኳን ቤት ትታ ወደ ማሳ በሄደች ቀን አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ የታረመ ነበር። «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምደውለው፤ ለእናትህ ሽልማት ደርሷታል» አለኝ። ወዲያው በስልኩ ላይ አጭር መልእክት መጣ። «የደረሰህን ቁጥር አንብብልኝ» አለ፤ አነበብሁለት። «ለማረጋገጥ ምስጢር ቁጥሩን» አለ፤ ነገርሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ለዘር መግዣ የተቀመጠው 14,300 ብር አልነበረም። ያ በመልእክት የመጣው ቁጥር የእናቴን ሒሳብ በሌላ ስልክ ላይ የሚከፍት ኖሯል። ሄደን አመለከትን፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። በዚያ በጋ ከመሬታችን ግማሹ ሽንኩርት ሳይተከልበት አለፈ።

እናቴ አልጮኸችብኝም። ነገሩን ሁሉ ካስነገረችኝ በኋላ «ልጄ፣ ሰውየው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ከሆነ ቁጥሩን አንተን ምን አስጠየቀው?» አለችኝ። እኔ 11 ዓመት ተምሬ ይህን አልጠየቅሁም ነበር።

በማግሥቱ አዲስ ምስጢር ቁጥር እንድመርጥላት ስልኳን ስቀበል እምቢ አለች። «አንተ ጽሑፉን አንብብልኝ፤ ቁጥሩን እኔ እነካለሁ» አለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልሁ። እናቴ ፊደል አታውቅም እንጂ ቁጥር ታውቃለች። የ100 ብርና የ200 ብር ኖት ተሳስታ አታውቅም፤ የአክስቴንም ስልክ ቁጥር በቃሏ ትደውላለች። ማንበብ ስለማትችል ምስጢሯንም መጠበቅ አትችልም ብዬ የፈረድሁባት እኔ ነበርሁ። እኔ የዝርዝሩን ጽሑፍ አነበብሁላት፤ እርስዋም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቁጥሩን መታች። እኔ ዛሬም አላውቀውም። ፈተናዬን አልፌ ዩኒቨርሲቲ ብገባ፣ ገንዘቧ ያለ እኔ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ስለ ሰዓቱ ሲያስረዳኝ ያን ቀን ትዝ አለኝ። ሰዓቱ ከአንድ ሰው ገላ ሲለይ እንደሚቈለፍ ሁሉ፣ ምስጢር ቁጥርም ከአንድ ሰው ልብ መውጣት የለበትም። ለልጅም ቢሆን፣ ለባልም ቢሆን፣ ለወዳጅም ቢሆን ያው ነው።

ስለዚህ የተወደዳችሁ አንባቢዎች፣ ከዚህ የሚከተለውን ብታስታውሱ ይጠቅማችኋል። በስልካችሁ የመጣን ቁጥር ለደወለ ሰው አታንብቡ። ምስጢር ቁጥራችሁን በልደት ዓመታችሁ ወይም በስልካችሁ ቁጥር አታድርጉ። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩን ስም በስልኩ ላይ አይታችሁ አረጋግጡ። ስልካችሁ ቢጠፋ ሳትውሉ ሳታድሩ ሲም ካርዱን አዘጉ። በተለይ እናንተ የክፍል ጓደኞቼ፣ የወላጆቻችሁን ምስጢር ቁጥር የምታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ወደ ቤት ሂዱና ራሳቸው እንዲለውጡት አስተምሯቸው። እነርሱ ሲመቱት እናንተ ፊታችሁን አዙሩ።

አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። አንድ ቀን ያ ሰዓት ወደ ሸዋ ሮቢት ገበያ ይመጣ ይሆናል፤ ሲመጣም በደስታ እንቀበለዋለን። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን ስልክ በጥንቃቄ እንያዝ ብዬ ጽሑፌን በዚሁ እደመድማለሁ።