በሚሊ ሜትር የሚፈረድበት ጥቁር ነጥብ

በጌዴኦ ዞን የኢዲዶ ቡና ገበሬ ውስጥ እግሩ ላይ ጥቁር ነጥብ አይቶ "እሾህ ወግቶኝ ይሆናል" ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። የጌዴኦ ተዳፋት እግርን ያለ ጭረት አይለቅም። ግን ሜላኖማ የሚባለው፣ ከቆዳ ቀለም ሰጪ ሕዋሳት የሚነሳው ካንሰር፣ ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ የሚያዘወትረው ይህንኑ ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍና የጥፍር ሥር። ነጮች ላይ ዋናው ጠንቁ ፀሐይ ነው፤ ውስጥ እግርን ግን ፀሐይ መቼ አየው?

እ.ኤ.አ. በ1978 ሻሸመኔን የጎበኘው ቦብ ማርሊ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ይኸው በሽታ ተገኝቶበት ነበር። በ1981 ሲያርፍ ገና 36 ዓመቱ ነበር።

ሐኪም ከነጥቡ ላይ ናሙና ሲወስድ ሥጋው በፎርማሊን ይቆያል፤ በሰም ተይዞ ከጸጉር በቀጠነ ልክ ይቆረጥና ቀለም ይነከራል። ማይክሮስኮፑ ላይ የተቀመጠው ፓቶሎጂስት መጀመሪያ የሚለካው ጥልቀቱን ነው። ሰውን የሚያስደነግጠው የነጥቡ ስፋት ቢሆንም፣ የሚበልጠው ወደ ታች የወረደው ነው፤ የደምና የሊምፍ ቧንቧዎች ያሉት እዚያ ነውና። ይህን እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳየው አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት አሌክሳንደር ብሬስሎው ነው፤ 98 ሕሙማንን አጥንቶ። ዛሬ ደረጃው የሚከፈለው በ1፣ በ2 እና በ4 ሚሊ ሜትር ነው።

ቀጥሎ የላይኛው ቆዳ ቆስሏል ወይ? ይባላል። ከቆሰለ፣ ጥልቀቱ ያው ሆኖ እንኳ ተስፋው ይቀንሳል። በመከፈል ላይ ያሉ ሕዋሳትም ይቆጠራሉ፤ በበዙ ቁጥር ዕጢው ፈጣን ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ዕጢውን ወርረውት ከተገኙ ግን ሰውነት እየተዋጋ ነው፣ ደግ ምልክት ነው። ካንሰሩ ብሽሽት ላይ ያለው ንፍፊት ውስጥ ከገባ ነገሩ ይከብዳል።

ከ0.8 ሚሊ ሜትር ያነሰና ያልቆሰለ ሜላኖማ ከያዛቸው ከመቶ 98ቱን በአሥር ዓመት ውስጥ በሽታው አይገድላቸውም። ከ4 ሚሊ ሜትር ያለፈና የቆሰለ ሲሆን፣ ንፍፊት ባይነካም፣ ቁጥሩ ወደ 75 ይወርዳል። እነዚህ አሃዞች በአብዛኛው የተገኙት ከነጭ ሕሙማን ስለሆነ እንዳሉ ወደ እኛ መገልበጥ አይገባም። የውስጥ እግሩ ሜላኖማ ዘግይቶ ስለሚታወቅ ውጤቱ ይብሳል።

ስለዚህ የማይድን ቁስል፣ የሚሰፋ ጥቁር ነጥብ ወይም ጥፍር ላይ እየወፈረ የሚሄድ ጥቁር መስመር ያያችሁ አትተኩሱት፣ በምላጭም አትንኩት፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሂዱ። ተቆርጦ ከወጣም "ናሙናው ተመረመረ ወይ? ጥልቀቱስ ስንት ሚሊ ሜትር ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁ።