በጥርስዎ ላይ የሚሠሩ ብረቶች፦ ከመሠራታቸው በፊት ማወቅ ያለብዎት

ጥርስ ሐኪም ዘንድ በሚሞሉት ቅጽ ላይ «አለርጂ አለብዎት?» የሚል ጥያቄ አለ። ብዙዎቻችን መድኃኒትና ምግብ ብቻ እያሰብን «የለብኝም» እንላለን። ነገር ግን ጉትቻ ወይም የእጅ ሰዓት ሲያደርጉ ቆዳዎ የሚያሳክክዎት ወይም የሚቀላ ከሆነ፣ የብረት አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

ለጥርስ የሚውሉ ብረቶች አብዛኛውን ጊዜ ቅይጥ ናቸው። አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ይጠቀምባቸዋል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ግን አሉ።

ኒኬል ያለበት ሽፋን (ክራውን)

ለብረት አለርጂ ዋነኛው ምክንያት ኒኬል ነው። በአንዳንድ የጥርስ ሽፋኖችና በጥርስ ማስተካከያ ሽቦዎች ውስጥ ይገኛል። ከተሠራልዎት በኋላ ድድዎ ከቀላ፣ አፍዎ ከቆሰለ ወይም ካቃጠለዎት፣ ወይም ሽፍታ ከወጣብዎት ለሐኪሙ ይንገሩ። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። የቆዳ ሐኪም በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ምርመራ አለርጂውን ማረጋገጥ ይችላል። ፊትዎ ወይም ጉሮሮዎ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተዎት ወዲያውኑ 911 ይደውሉ።

ወርቅ

ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ከመዳብ፣ ከብር ወይም ከፓላዲየም ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ «ወርቅ ነው» ቢባሉም ሌላ ምን እንዳለበት ይጠይቁ።

ብርማ ሙሌት (አማልጋም)

ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ሲሆን ጥቂት ትነት ይለቃል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በ2020 ባወጣው ምክር፣ የሚከተሉት ሰዎች በተቻለ መጠን አዲስ አማልጋም ባይሞላላቸው ይመረጣል፦

• ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ ያሰቡና የሚያጠቡ እናቶች
• ልጆች፣ በተለይ ከ6 ዓመት በታች የሆኑ
• እንደ ፓርኪንሰን ያለ የነርቭ ሕመም ያለባቸው
• ኩላሊታቸው በደንብ የማይሠራ
• ለሜርኩሪ ወይም በአማልጋም ውስጥ ላለ ሌላ ብረት አለርጂ ያለባቸው

ቀደም ብሎ የተሞላልዎት አማልጋም ደህና ከሆነ፣ ሐኪም ለጤናዎ ያስፈልጋል ካላለ በስተቀር አያስወጡት። ሲወጣ የሜርኩሪው ትነት ለጊዜው ይጨምራል፤ ጤነኛው የጥርስ ክፍልም አብሮ ሊነሳ ይችላል።

ከመሠራቱ በፊት እነዚህን ይጠይቁ

• ውስጡ ምን ምን ብረት አለ? ኒኬል አለበት?
• ብረት የሌለው ሙሌት ወይም ሽፋን ለእኔ ይሆናል? ዋጋውስ ስንት ነው? ኢንሹራንሴ ይከፍላል?
• የቅይጡን ስም በጽሑፍ ሊሰጡኝ ይችላሉ?

ጽሑፉን አያጥፉት። ወደፊት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ይጠቅምዎታል።

ሜዲኬይድ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ። ልጅዎ እንግሊዝኛ ቢችልም እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንዲያስተረጉም አያድርጉት።