ዖና ምን ይነግረናል?

በትግራይ ሰዎች ትተውት የሄዱትን የፈረሰ መንደር «ዖና» እንለዋለን። በአማርኛም ሰው የሌለበት ቤት ኦና ቤት ይባላል። በልጅነቴ ክረምቱን ከአያቴ ዘንድ ሳሳልፍ፥ ከብት የምንጠብቅበት ጉብታ እንዲህ ያለ ዖና ነበረ። ከአፈሩ የምናወጣውን ገል ዒላማ አድርገን በድንጋይ እንሰባብረው ነበር። ጥፋቴን ያወቅሁት ስለ መዝብርና ስለ ዖና ዓዲ ካነበብሁ በኋላ ነው።

እነዚህ ሁለት ስፍራዎች ከመቀሌ በስተሰሜን፥ ከዓዲግራት አካባቢ በጉሎ መኸዳ ይገኛሉ። በካናዳው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ካትሪን ዳንድሪያ የሚመራ ቡድን ቆፍሮ መርምሯቸዋል። በመዝብር ሰው የኖረው ከ1600 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ እስከ ክርስቶስ ልደት ዘመን ድረስ ነው።

የአክሱም ሐውልት የነገሥታትን ክብር ይናገራል፤ የገበሬው ታሪክ ግን የሚገኘው በአመድና በጥራጊ ውስጥ ነው። ለምሳሌ በመዝብር ከተገኙት አጥንቶች መካከል የዶሮ አጥንት አለ። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታተመው ጥናት መሠረት፥ ዕድሜው ከ800 እስከ 400 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሲሆን፥ በአፍሪካ ከታወቁት የዶሮ አጥንቶች እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት አንዱ ነው። ዶሮ መጀመሪያ የለመደችው በእስያ ስለ ሆነ፥ ያ የገጠር መንደር ከሩቅ አገር ጋር የሚያገናኝ መንገድ ነበረው ማለት ነው።

እንደዚሁም ወፍጮና መጅ ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ አሠራራቸውን ለመረዳት በድንጋይ መፍጨት የሚያውቁትን የዛሬዎቹን የጉሎ መኸዳ እናቶች ጠየቁ። እነሆ፥ የገጠር እናቶች ለምሁራን መምህራን ሆኑ! እኔም ይህን ሳነብ ጎንበስ ብላ የምትፈጨው አያቴ ትዝ አለችኝ።

አንድ ገል ምስክር የሚሆነው በነበረበት የአፈር ድርብርብ ውስጥ ሲገኝ ነው። አብሮት ያለው ከሰል ተመርምሮ ዘመኑ ይታወቃል። ከቦታው ከተነሣ ግን ዘመኑን በትክክል ማወቅ ይከብዳል። እኛ እረኞቹ የሰባበርነው እንግዲህ ሸክላ ብቻ አልነበረም፤ የአያቶቻችንን ቃል ጭምር ነበር።

ባለፈው ክረምት ወደዚያው ጉብታ ተመልሼ ለትንንሾቹ እረኞች ይህንኑ ነገርኋቸው። የተከበራችሁ ወላጆች፥ ለአጥር ድንጋይ ስትፈልጉ ዖናውን እለፉት። ጓደኞቼ ሆይ፥ ገል ብታገኙ ሳታነሡት ለወረዳችሁ የባህል ጽሕፈት ቤት ንገሩ። የገበሬ ልጆች ነንና፥ የገበሬውን ታሪክ ከእኛ በቀር ማን ይጠብቀዋል?