ያውቁ ኖሯል? ባትሪው ሳይሆን ማሳው ሊሆን ይችላል

ያረጀ መኪና አልነሳ ሲል፣ ወይም ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ሲደበዝዝ፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ባትሪው ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥፋቱ የማሳው ነው፤ ከረንቱ በቦዲውና በሞተሩ ብረት አልፎ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር። ቡሎኑ ሥር ዝገት ሲገባ የሚፈጠረው እንቅፋት ኢምንት ይመስላል፤ ሆኖም ሞተሪኖው 150 አምፒር ሲስብ 0.01 ኦም ብቻዋን 1.5 ቮልት ትበላለች።

«ገመዱን በቴስተር ለክቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚል ይኖራል። ቴስተር ኦም ሲለካ የሚያሳልፈው ከረንት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ይህን ጉድለት አያጋልጥም። «አዲስ ባትሪ ሲገባ ተነሳ እኮ» የሚለውም አያሳምንም፤ ጉልበታም ባትሪ ብክነቱን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም። የሚታመነው ፍተሻ ሥራ ላይ እያለ የሚደረገው ነው፦ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ፣ ሌላውን ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ ይያዙና ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ፣ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ማሳውን ፈትተው ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉትና አጥብቀው ይግጠሙት።