ኪንግስተን ለሚሄድ ኢትዮጵያዊ

ጃማይካ ልሄድ ነው ስትሉ የሰማችሁ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚታየው ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ባህር ነው፡፡ ያ ግን ያለው ከዋና ከተማዋ ርቀው በሚገኙት በሞንቴጎ ቤይ፣ በኔግሪልና በኦቾ ሪዮስ ነው፡፡ አብዛኛው ቱሪስትም በቀጥታ ወደነዚያ ስለሚያመራ ኪንግስተንን ሳያያት ይመለሳል፡፡ እኔ ለሥራ ዋሽንግተን ደርሼ ለአንድ ሳምንት ወደ ጃማይካ ጎራ ባልኩበት ጊዜ ስድስቱን ቀን ያሳለፍኩት ኪንግስተን ነው፡፡ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ የምመክረውም ይህንኑ ነው፡፡ በዚህች ከተማ የእኛ ፓስፖርት እንደ ሌላው ፓስፖርት አይታይም፤ ይህ ደግሞ የሚያስደስትም የሚያስጨንቅም ነገር አለበት፡፡

ከወረቀቱ ልጀምር፡፡ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም፡፡ በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ ሰው አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል፡፡ ስለዚህ ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብላችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት የምታልፉበትን አገር ሁሉ ሕግ እዩ፤ የጃማይካን ቪዛ ጉዳይም ከራሱ ከኤምባሲው ጠይቁ፡፡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፡፡ ሻንጣችሁ ውስጥ ሬንጀር የሚባለው ዝንጉርጉር የወታደር ልብስ ካለ አውጡት፤ ጃማይካ ውስጥ ሲቪል ሰው እንዲለብሰው አይፈቀድም፣ ፋሽን ነው ማለትም አያዋጣም፡፡ ኤሌክትሪኩ 110 ቮልት፣ ሶኬቱም የአሜሪካ ዓይነት ነው፡፡ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ይዘልቃል፡፡ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን ምዕራብ ክፉኛ ሲመታ ኪንግስተን ከከፋው ተርፋለች፡፡

ገንዘብ ላይ አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፡፡ ሁለት ዓይነት ዶላር አለ፡፡ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ150 በላይ የጃማይካ ዶላር ያወጣል፤ ሻጭም ሆነ ባለታክሲ «ዶላር» ብቻ ብሎ ዋጋ ከጠራ «የቱ ዶላር?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፡፡

ስለ ጸጥታው የሚወራው ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ሁሉም እውነት ነው ማለትም አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2025 በአገሪቱ የግድያ ወንጀል ከ30 ዓመት ወዲህ ያልታየ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል፡፡ ይሁንና ኪንግስተን በሰፈር የምትለያይ ከተማ ናት፡፡ ኒው ኪንግስተን ባንኮቹና ሆቴሎቹ ያሉበት ነው፤ ቀን በእግር መዘዋወር ይቻላል፡፡ መሐል ከተማው ዳውንታውን በሥራ ሰዓት ደማቅ ነው፤ የኮሮኔሽን ገበያን ግርግር ለማየት የሚሄድ ሰው እንደ መርካቶ ኪሱን ይጠብቅ፡፡ ሲመሽ ግን ሱቁም ሰውም ይሰበሰባል፣ እናንተም ተሰብሰቡ፡፡ ሕጋዊ ታክሲ ቀይ ታርጋ አለው፡፡ እየጫነ የሚሄደው፣ የእኛን ሚኒባስ የሚመስለው «ሩት ታክሲ» ርካሽ ቢሆንም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በሆቴል የተጠራ ታክሲ ይሻላል፡፡ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መንገድ ስትሻገሩ ዓይናችሁ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይሂድ፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፡፡ አንድ የኮኮናት ሻጭ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፡፡ «ከኢትዮጵያ» ስለው ቆንጨራውን አስቀምጦ ቆቡን አወለቀ፡፡ ቀጥሎ ያነሣው ጥያቄ ስለ ፕሬዚዳንትም ስለ ሯጭም አልነበረም፤ «ንጉሡን አይተሃቸዋል?» ነው ያለኝ፡፡ እኔ አልደረስኩባቸውም፣ አባቴ ግን በመኪና ሲያልፉ እጅ ነሥቷቸው ያውቃል አልኩት፡፡ ያቺን ቃል ሲሰማ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፤ የኮኮናቱንም ሒሳብ አልቀበልም አለ፡፡ ከፍዬ ለመሄድ ረጅም ክርክር አስፈልጎኛል፡፡

እንዲህ ዓይነት ሰው ያጋጥማችኋል፤ ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ራስተፈሪያን 29 ሺህ ገደማ፣ ማለትም ከሕዝቡ አንድ በመቶ ትንሽ የሚበልጡ ብቻ ነበሩ፡፡ ብዙኃኑ ፕሮቴስታንት ነው፡፡ ፀጉሩን ያጎፈረውን ሁሉ ራስተፈሪያን ነው ብላችሁ አትነሡ፡፡ ያኔ እንዲህ የተከበሩም አልነበሩም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1963 ኮራል ጋርደንስ ከተባለው ግጭት በኋላ ብዙዎች ታስረዋል፣ ተደብድበዋል፤ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው፡፡ ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከቦ መውረድ አቅቷቸው ነበር፤ ከራስተፈሪያን አባቶች አንዱ የሆነው ሞርቲመር ፕላኖ ደረጃውን ወጥቶ መንገድ አስከፈተ፡፡ ያ ቀን ለእነሱ እስከ ዛሬ በዓል ነው፡፡

ታዲያ እኛ ምን እንበል? በእኛ ዘንድ ስለ ጃንሆይ ያለው ስሜት የተለያየ ነው፡፡ የመሬት ላራሹን መፈክር ያሰማ አለ፣ የወሎን ረሃብ የሚያነሳ አለ፣ ዘመናቸውን የሚናፍቅም አለ፡፡ እኔ የማምነው ጎዳና ላይ የታሪክ ትምህርት መስጠትም፣ ለመወደድ ሲባል የማያምኑትን ማመንም ሁለቱም ነውር መሆናቸውን ነው፡፡ «አምላክ ናቸው ወይ?» ተብዬ «በእኛ ዘንድ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ» ብዬ መለስኩ፤ ማንም አልተቆጣኝም፡፡ ስለ ሻሸመኔ ግን መጠየቃችሁ አይቀርም፡፡ መሬቱ እ.ኤ.አ. በ1948 መሰጠቱን፣ በ2017 ደግሞ መንግሥት እዚያ ለሚኖሩት መታወቂያ እሰጣለሁ ማለቱን አውቃችሁ ሂዱ፡፡ ዘመድ ያለው ሰው ነው የሚጠይቃችሁ፡፡

በሆፕ ሮድ ቁጥር 56 የሚገኘው የቦብ ማርሌይ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፡፡ ጉብኝቱ በአስጎብኚ ነው፣ ውስጥ ፎቶ ማንሳት አይቻልም፡፡ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1976 ታጣቂዎች የተኮሱበት የጥይት ቀዳዳ እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1980 በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ መባሉን፣ የቀብሩም ሥርዓት በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደንብ መፈጸሙን ከእኛ አገር ብዙው ሰው አያውቅም፤ በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ 60ኛ ልደቱን ካከበርነውም መካከል ጭምር፡፡ አቡነ ይስሐቅ የተከሏት ቤተ ክርስቲያን በማክስፊልድ ጎዳና ትገኛለች፡፡ ሰፈሩ ጭር ያለ ስላልሆነ ለቅዳሴ የሚሄድ ሰው ታክሲው መልሶ እንዲወስደው ቀድሞ ይነጋገር፡፡ ማርሌይ ያደገበትን ትሬንች ታውን ማየት የሚፈልግም በቀን፣ ከሰፈሩ አስጎብኚ ጋር ብቻ ይሂድ፡፡ የማርከስ ጋርቬይ መቃብር ያለው ናሽናል ሂሮስ ፓርክ ውስጥ ነው፤ መልኩን ግን በየቀኑ በ20 ዶላሩ ሳንቲም ላይ ታገኙታላችሁ፡፡

ለጾመኛ መልካም ዜና አለኝ፡፡ ራስተፈሪያን «አይታል» የሚሉት ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የሌለበት ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ አትቸገሩም፡፡ ጨው ይቀንሱበታል እንጂ የኮኮናት ወጡ ከሽሮ ለተለያየ ሰው ያጽናናል፡፡ ለፍስኩ ቀን ዴቨን ሐውስ ሂዱ፤ ጆርጅ ስቲቤል የተባለው ጥቁር ሚሊየነር እ.ኤ.አ. በ1881 ያሠራው ቤት ነው፣ ግቢው ውስጥ የሚሸጠው አይስክሬም ሰልፍ ያሰልፋል፡፡

ከከተማዋ በላይ የሚታዩት ብሉ ማውንቴን ተራሮች ናቸው፡፡ ጫፋቸው 2,256 ሜትር ስለሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ትንፋሽ የሚያሳጥር አይደለም፤ ሹራብ ግን ያዙ፡፡ ታዋቂው ቡናቸው የሚበቅለው እዚያ ሲሆን ዘሩ ወደ ደሴቲቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ነው፡፡ የእርሻው አስጎብኚ ስለ ቡና አመጣጥ ሲያስረዳ ከፋን ጠራ፤ ጓደኞቼ ሁሉ ዞረው አዩኝ፡፡ ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ ዋጋው ግን የእኛን ገበሬ የሚያስቀና ነው፡፡ ለስጦታ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ «መቶ በመቶ ብሉ ማውንቴን» የሚል መኖሩን እዩ፤ ቅልቅሉ በግማሽ ዋጋ ይሸጣልና፡፡

ጋንጃን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ እስከ ሁለት አውንስ ይዞ መገኘት በገንዘብ ብቻ የሚያስቀጣ ጥፋት ሆኗል፡፡ ይህ ግን ለኤርፖርት አይሠራም፡፡ ስትመለሱ ሻንጣችሁን ራሳችሁ እሰሩ፤ «ለዘመድ አድርስልኝ» የሚል እሽግ ከማንም አትቀበሉ፡፡