የትምህርት መቋረጥን ለመቋቋም ቅድመ ዝግጅት ወሳኝ ነው

በኢትዮጵያ የኮቪድ-19 ወረርሽኝን ሥርጭት ለመግታት ሲባል ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ መዘጋታቸው ይታወሳል። በወቅቱ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ጥረት ቢደረግም መብራትና ሬዲዮ በሌላቸው የገጠር ቤተሰቦች የሚገኙ ተማሪዎች የዕድሉ ተጠቃሚ ለመሆን ተቸግረዋል። ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመሩት በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም ነበር።

የሴራሊዮን ተሞክሮ የቅድመ ዝግጅትን ፋይዳ ያሳያል። አገሪቱ እ.ኤ.አ በ2014 በኢቦላ ወረርሽኝ ሳቢያ ትምህርት ቤቶቿ ሲዘጉ የሬዲዮ ትምህርት ጀምራ ነበር። እ.ኤ.አ በ2020 ትምህርት ቤቶቹ በኮቪድ-19 ምክንያት ዳግም ሲዘጉ ልምዱ በእጇ ስለነበር ሥርጭቱን በአጭር ጊዜ ውስጥ ማስጀመር ችላለች።

ከዚህ በመነሳት የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ችግር ከመከሰቱ አስቀድመው ሊያከናውኗቸው ከሚገቡ ተግባራት መካከል መብራት ለሌለው ቤት የሚዳረስ የታተመ መልመጃ ማዘጋጀት፣ መምህራን ተማሪዎችን በየቀበሌው የሚከታተሉበትን አሠራር መዘርጋትና ትምህርት ሲጀመር የሚሰጠውን የማካካሻ ትምህርት ማቀድ ይገኙበታል።

ዝግጅቱ በዘገየ ቁጥር ከትምህርት ገበታ የራቀ ተማሪ፣ በተለይም ያለዕድሜ ጋብቻ የሚያሰጋት ልጃገረድ፣ ሳይመለሱ የመቅረታቸው ሥጋት ይጨምራል።